ባልዲው ሳይሞላ ዋጋው ይጻፍ

 

ባለፈው እሁድ የተሰበሰብነው የታመመች እህታችንን ስለመጠየቅ ለመነጋገር ነበር። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ግን ወሬው ወደ ገንዘብ ዞረ። አንዷ ሦስት ቀን ቤት አጽድታ የአንድ ቀን ብቻ ነው የተከፈላት። ሌላዋ በሰዓት ተስማምታ በቀን ተቆጥሮባታል። ሌላዋ ደግሞ "ላስቀምጥልሽ" ተብላ ያስቀመጠችው ደመወዝ ስንት እንደሆነ እሷም ማዳሟም አያውቁትም። እያንዳንዷ ተናግራ ስትጨርስ ከመካከላችን በእድሜ የምትበልጠው እህታችን አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፦ "ተጻጽፋችኋል?" ሁሉም ዝም። ያን ቀን ይህንን ጽሁፍ ለመጻፍ ወሰንን።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። ሰው ራሱን ደብቆ ቢመክር ማንም አይሰማውም።

እዚህ ሐምራ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ህንጻ ላይ አንድ አፓርታማ ታድሶ ነበር። ቀለም፣ ሲሚንቶ፣ የጣውላ ብናኝ፣ የቀረ ነገር የለም። ስራውን የያዘው ኮንትራክተር፣ እዚህ ሙተዓህድ የሚሉት፣ የህንጻውን ናጡር "የምታጸዳ ልጅ ፈልግልኝ" አለው። ናጡሩ ለኔ ደወለ። ሄድኩ፣ ሰውዬው ቤቱን እየዞረ አሳየኝ። "ሁለት ቀን፣ ሦስት ሆናችሁ፣ 180 ዶላር" አለኝ። "ታማም" አልኩት። በቃ፣ ስምምነቱ ይኸው ነው። ወዲያው ሁለት ጓደኞቼን ጠራሁና "ለያንዳንዳችን 60 ይደርሰናል" ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

ሁለት ቀን ሙሉ ሰራን። መስታወቱ ላይ የደረቀውን ቀለም በምላጭ እየፋቅን፣ ሴራሚኩን በጉልበታችን ተንበርክከን እያሸን። በሁለተኛው ቀን ማታ ሰውዬው ስልኩን ጆሮው ላይ ደግኖ መጣ። ዞር ዞር ብሎ አየና "በረንዳውስ? መጋዘኑስ?" አለኝ። "እነሱን አልነገርከኝም" አልኩት። "ሁሉንም ብያለሁ" አለ። ቀጥሎ ደግሞ "የቤቱ ባለቤት ገና አልከፈለኝም" አለና 100 ዶላር አወጣ። "ሐላስ፣ ቀሪው ቡክራ።" ቡክራ ማለት ነገ ነው፤ የዚያ ሰውዬ ቡክራ ግን እስከዛሬ አልነጋም። መጀመሪያ ስልክ አያነሳም ነበር። ሲያነሳ ደግሞ "እኔ ያልኩት 100 ነው" አለ። ናጡሩን ምስክር ይሁነኝ ብዬ ሄድኩ። "እኔ ምንም አልሰማሁም" አለኝ። አልፈርድበትም፣ እንጀራው ከዚያው ህንጻ ነው።

መቶውን ዶላር ለሁለቱ ጓደኞቼ ሃምሳ ሃምሳ ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው ወር ከራሴ አስር አስር ጨመርኩላቸው፣ ቃሌ ነበራ። ሁለት ቀን ሰርቼ፣ የቫኑን ሳልቆጥር 20 ዶላር ከኪሴ ከፈልኩ ማለት ነው። እስከዛሬ የሚያመኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። አንዷ ጓደኛዬ "ሙሉውን ተቀብለሽ ደብቀሽን ነው" አለችኝ። በምን ላሳምናት? ምን ወረቀት ላውጣ? አብረን ከአንድ ትሪ የበላን ሰዎች ነን። ዛሬ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ቡና ግን አንጠጣም።

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ያልተጻፈ ዋጋ የሚያጣላሽ ከአሰሪው ጋር ብቻ አይደለም። ከጓደኛሽም ያጣላሻል። አገር ቤት እናቶቻችን "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሁፍ ያለ ይወረሳል" ሲሉ ስለ ትምህርት ይመስለኝ ነበር። ስለ ደሞዝም ነው ለካ።

ጸቡ ከየት ይመጣል?

የሰማናቸውን ታሪኮች ስናያቸው ጸቡ የሚነሳው ሁልጊዜ ከክፋት አይደለም። ክፉ ሰው አለ፣ አንካድም። ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ሰዎች የተለያየ ነገር ሰምተው "ተስማማን" ብለው ነው የሚለያዩት።

አንደኛው ሰዓት ነው። ማዳም "ሳዓ ተስዓ ነይ" ስትል በእነሱ 9 ሰዓት፣ በኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። አዲስ የመጣች ልጅ ይህን ሳትለይ ቀርታ "አረፈድሽ" ተብላ ግማሽ የተቆረጠባት አለች። ከዚያ ደግሞ "አራት ሰዓት ስራ" ተብሎ ስድስት ሰዓት ይሆናል። "ይቺን ብቻ፣ ያላ" እየተባለ አንድ ሸሚዝ ሲተኮስ፣ አንድ መስኮት ሲጨመር። ያቺ "ብቻ" የምትባል ነገር ስንት ሰዓታችንን በላች!

ሁለተኛው የስራው ልክ ነው። "ቤት ማጽዳት" ማለት ምን ማለት ነው? መስኮት አለበት? በረንዳ? ፍሪጅ ውስጡን? ምንጣፍስ? በበጋ መግቢያ ምንጣፍ ሁሉ ታጥቦ ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት፣ በመከር ተመልሶ የሚነጠፍበት ጊዜ እንዳለ ታውቃላችሁ። ያ ለብቻው የሚቆጠር ስራ ነው። ከአዘቦቱ ጽዳት ጋር ሲጠቃለል ወገባችንም ሂሳባችንም ይሰበራል።

ሦስተኛው ገንዘቡ በምን እንደሚከፈል ነው። ይህን ከታች እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ እህቶቻችንን ሜዳ ላይ የጣለ ነገር ነው።

አራተኛው "ላስቀምጥልሽ" የሚለው ነው። ይህ ቤት ውስጥ አድረው የሚሰሩትን ይመለከታል። ማዳም ክፉ ላትሆን ትችላለች፣ ሃዋላውንም ራሷ ትልክልሽ ይሆናል። ሁለት ዓመት ሲሞላና ሂሳብ ሲመጣ ግን "ለስልክሽ፣ ለመድኃኒትሽ፣ ለእናትሽ የላክሁት" ተብሎ ይቀነሳል። ያልተመዘገበ ሂሳብ ሁልጊዜ የሚጎድለው በኛ በኩል ነው።

አምስተኛው የኔው ታሪክ ነው፣ ማን እንደሚከፍልሽ አለማወቅ። መሃል ላይ ኮንትራክተር አለ፣ የጽዳት ድርጅት አለ፣ ናጡር አለ፣ አንዳንዴም የራሳችን እህት አለች። "ባለቤቱ አልከፈለኝም" የሚለው ቃል ሲመጣ እኛ አዝነን እንመለሳለን። ልብ በሉ፣ እኔ የተስማማሁት ከባለቤቱ ጋር አይደለም። ስሙንም አላውቀውም። "አጽጂ፣ ይህን እከፍልሻለሁ" ያለኝ ሰው ነው ዕዳ ያለበት። እሱ ከባለቤቱ ጋር ያለው ነገር የእሱና የባለቤቱ ነው።

ሐዝሚዬን አንርሳ

ስለ ገንዘቡ ዓይነት ላውራ። ከ1997 መጨረሻ ጀምሮ ለሃያ ዓመት በላይ አንድ ዶላር 1507 ሊራ ተኩል ነበር። ሰዉ ሁሉ 1500 እያለ ይቆጥረው ነበር፣ ዶላርም ሊራም ከአንድ ኪስ ይወጣ ነበር። ስለዚህ "በወር 150" ሲባል ማንም "150 ምን?" ብሎ አልጠየቀም። ለምን ይጠይቃል?

ከ2019 መከር በኋላ ባንኩ ዶላር መስጠት አቆመ፣ ሊራው ወደቀ። በ2020 በጋ ላይ በጥቁር ገበያ አንድ ዶላር እስከ 9,000 ሊራ ደረሰ። 150 ዶላር በድሮው ሂሳብ ሲመታ 225,000 ሊራ ገደማ ነው። አሰሪው "ያው 150 ነው" ብሎ 225,000 ሊራ ሲሰጥሽ፣ ገበያ ወስደሽ ብትመነዝሪው 25 ዶላር ነው። በአንድ ቃል 125 ዶላር ጠፋ! አንዳንዱ እሱንም አልከፈለም። አንዳንዱም ሰራተኛዋን ከነሻንጣዋ መኪና ላይ ጭኖ ሐዝሚዬ የሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ አወረዳት። በ2020 ሰኔ ላይ አስፋልት ዳር ፍራሽ አንጥፈው ያደሩትን እህቶቻችንን ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አይቷል። ብዙዎቹ የወራት ደሞዝ ያልተከፈላቸው ነበሩ፣ ፓስፖርታቸውም በእጃቸው ያልነበረ ነበሩ።

በ2024 መከር ጦርነቱ ሲሰፋም እንዲሁ ሆነ። ከደቡብና ከዳህዬ የሸሹ አሰሪዎች ሰራተኛቸውን ቤት ዘግተውባት ወይም መንገድ ላይ ጥለዋት የሄዱበት ብዙ ነው። ቦምብ ሲወድቅ ነፍስ ይቅደም እንጂ ስለ ደሞዝ ማን ያወራል? ቦምቡ ሲቆም ግን ያልተከፈለው ወር ያልተከፈለ ሆኖ ቀረ። ስንት ወር እንደነበር የጻፈችው ቢያንስ ቁጥሩን ታውቀዋለች።

ህጉ ምን ይላል?

እኔ የህግ ሰው አይደለሁም፣ አሥረኛ ክፍል ነው የጨረስኩት። ግን ለዓመታት ከጠበቆችና ከድርጅቶች ሰዎች ጋር ስንቀመጥ የሰማነውንና ያነበብነውን ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ።

የሊባኖስ የስራ ህግ የወጣው በ1946 ነው። አንቀጽ 7 የቤት ሰራተኛን ከህጉ ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ ዝቅተኛ ደሞዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚባለው ነገር ለኛ አይሰራም። ግን "ምንም ህግ የለንም" ማለት አይደለም። ከዚያ በፊት በ1932 የወጣ የግዴታና የውል ህግ አለ፣ እሱ ሰውንና ሰውን የሚያስተሳስር ስምምነት ሁሉ የሚመለከት ነው። የቃል ስምምነትም ስምምነት ነው። የስራ ህጉ ራሱ እንኳ ለሚሸፍናቸው ሰራተኞች ውል በጽሁፍም በቃልም ሊሆን ይችላል ነው የሚለው። እና ያልተጻፈ ውል ዋጋ የለውም ብሎ የሚያስፈራራሽ ሰው ቢመጣ አትመኚው። የቃል ውል ችግሩ ሌላ ነው። ሁለቱም ሰው የተለያየ ቃል ሲናገር ዳኛው የማንን ይስማ? ማስረጃ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

በካፊል ቤት ለሚሰሩ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ አንድ ወጥ ውል አለ። ብዙዎቻችን ፈርመነዋል። ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ። በዓረብኛ ነው የተጻፈው፣ ምን እንዳለበት ያወቅሁት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ምን እንደሚል እዩልኝ። ደሞዝ በየወሩ መጨረሻ ሙሉውን ለሰራተኛዋ በእጇ ይሰጣል፣ ሲሰጥም ሁለቱም የሚፈርሙበት ደረሰኝ ይኖራል። በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት አላት። ተከታታይ ሦስት ወር ካልተከፈላት ውሉን ማፍረስ ትችላለች፣ ጥፋቱም የአሰሪው ነው። አያችሁ? ደረሰኙ ውሉ ውስጥ ራሱ አለ! ደረሰኝ ስንጠይቅ አዲስ ነገር እየጠየቅን አይደለም። ማዳም የፈረመችበትን ነው የምንጠይቃት።

በመስከረም 2020 የስራ ሚኒስቴር የተሻለ ውል አውጥቶ ነበር። በሳምንት 48 ሰዓት፣ ዝቅተኛ ደሞዝ፣ ያለ አሰሪ ፈቃድ ስራ መልቀቅ የሚሉ ነገሮች ነበሩበት። ወር ከምናምን አልቆየም። የአስመጪ ቢሮዎች ማህበር አቤት አለና በጥቅምት የሹራ ምክር ቤቱ አገደው። እነሱ ወረቀት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ያውቃሉ፣ ለዚህ ነው የተጣደፉት። እኛ ግን ወረቀት እንንቃለን።

አገራችንም ብንሆን ብዙ የምንኮራበት የለንም። የ2011ዱ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሰው ቤት የምትሰራውን ልጅ አልሸፈናትም። እዚያም ደላላ በቃል ያስማማል፣ ልጅቷ በቃል ትገባለች፣ በቃል ትባረራለች። ይህን ልማድ ነው ይዘነው የመጣነው። በ2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የወጣው የዓለም የስራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሰራተኛ የስራዋን ሁኔታ በሚገባት መንገድ፣ ቢቻል በጽሁፍ እንድታውቅ ያዛል። ሊባኖስ አላጸደቀችውም። ቢሆንም "በሚገባት መንገድ" የሚለውን ቃል ያዙልኝ። በማይገባሽ ቋንቋ ፈርመሽ ያወቅሽ ነገር የለም።

ፍርድ ቤት መሄድም ይቻላል። በ2014 ዳኛ ጃድ ማዕሉፍ የሰራተኛን ፓስፖርት መያዝ መብቷን መጣስ ነው ብሎ እንዲመለስላት ወስኗል። በ2020 ደግሞ አንዲት ኢትዮጵያዊት እህታችን ለዓመታት ደሞዝ ሳይከፈላት ሰርታለሁ ብላ አሰሪዋንና ያስመጣትን ቢሮ በጠበቆች አማካይነት በባርነት ከሳለች። እንዲህ ያለ ክስ በዚህ አገር ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው ተብሏል። መንገዱ ረጅም ነው፣ አልዋሽም። ግን የተዘጋ አይደለም።

"ብጠይቃት ትቀየመኛለች"

አሁን የናንተን መልስ እሰማዋለሁ። "ወረቀት ፈርሚልኝ ብላት ማዳም 'አታምኚኝም እንዴ?' ብላ ሌላ ሰው ትፈልጋለች።" እውነት ነው፣ ሊሆን ይችላል። በራችንን የምታንኳኳ ሌላ ልጅ ሁልጊዜ አለች። ለዚህ ነው "ፈርሚ" በሉ የማልላችሁ። ሌላ ዘዴ አለ።

ወደ ስራው ከመሄድሽ በፊት ባለው ማታ በዋትሳፕ ጻፊላት፣ ወይም በድምጽ ላኪላት፦ "ማዳም፣ ቡክራ ሳዓ ተስዓ፣ አርባዕ ሳዓት፣ ዒሽሪን ዶላር፣ ማዝቡት?" ነገ 9 ሰዓት፣ አራት ሰዓት ስራ፣ ሃያ ዶላር፣ ልክ ነው? ማለት ነው። እሷ "ማዝቡት" ወይም "ኤ" ብላ ከመለሰች፣ አለቀ፣ ተጻፈ። የእጅ ምልክት ብትልክም መልስ ነው። ይህን የምታደርጊው ስላላመንሻት ሳይሆን ሰዓት እንዳትሳሳቺ ነው፣ እንደዚያም በያት። ጥሩ አሰሪ አይከፋትም፣ እሷም እኮ ስንት እንዳለችሽ መርሳት አትፈልግም። ያቺን አጭር መልእክት ለመመለስ የምትቆጣ ሰው ካጋጠመችሽ ግን፣ ስራውን ከመጀመርሽ በፊት ማወቅሽ ይሻላል።

"ኢቃማ የለኝም፣ ፖሊስ ብሄድ እኔው ነኝ የምታሰረው" የምትሉም አላችሁ። ይህን ማቃለል አልፈልግም። ከካፊል ውጭ በሰዓት የምትሰራ ሴት በህጉ ዓይን ጥፋተኛ ተደርጋ ልትያዝ ትችላለች። ስለዚህ ብቻሽን ተናደሽ ፖሊስ ጣቢያ አትሂጂ። መጀመሪያ ወደ ማህበራችን ነይ። ወይም ካሪታስ፣ ካፋ፣ ወይም የራሳችን እህቶች ያቋቋሙት እኛ ለእኛ በስደት ጋር ተነጋገሪ። ብዙ ጊዜ ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስልክ ያልቃል። ድርጅት ወይም ጠበቃ ደውሎ "ሰራተኛዋ የተስማማችሁበት መልእክት አላት" ሲል ሰውዬው ድምጹ ይቀየራል። መልእክቱ ከሌለሽ ግን የሚደውልልሽ ሰው በእጁ ምን ይዞ ይደውል?

"ማንበብ መጻፍ አልችልም" ለምትሉ ደግሞ ድምጽ አለ፣ ፎቶ አለ። ይህን ወረቀት የምታነብልሽ ጓደኛ አለችሽ፣ ያንን መልእክትም እሷ ታዘጋጅልሻለች።

ምን እናድርግ?

ማህበራችን ከዚህ ወር ጀምሮ ለያንዳንዷ አባል አንድ ትንሽ ደብተር ይሰጣል። ከባድ ነገር አይደለም። ለየስራው አንድ መስመር፦ ቀኑ፣ የአሰሪው ስምና ሰፈር፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ምን ስራ፣ ዋጋው ስንት፣ በዶላር ወይስ በሊራ፣ የተከፈለው ስንት፣ የቀረው ስንት። ቀኑን በፈረንጅ ጻፉት፣ ሰዓቱንም በእነሱ፣ ለሌላ ሰው ስታሳዩት እንዳይምታታ። የዚያኑ ዕለት ማታ፣ በቫን ቁጥር 4 ወደ ቤት ስትመለሱም ቢሆን፣ እዚያው ጻፉት። ወር ቆይቶ በትዝታ የተጻፈ ነገር ሰው አያምነውም።

ደብተሩ ራሱ አሰሪሽን አያስከፍልም፣ ተአምር አልሰብክላችሁም። ግን ከመልእክቱና ከፎቶው ጋር ሲሆን ታሪክሽ ይቆማል። ስራውን ጨርሰሽ ስትወጪ የጸዳውን ቤት ፎቶ አንሺ፣ ሰው ሳይገባበት፣ ዕቃውን ብቻ። ከመጀመርሽ በፊትም አንድ አንሺ። እኔ ያንን በረንዳ ከመጀመሪያው ፎቶ አንስቼ "ይህም አለበት?" ብዬ ብልክለት ኖሮ ጸቡ ስራው ከመጀመሩ በፊት ያልቅ ነበር።

ከኮንትራክተር ጋር ለሚሰሩ ደግሞ ትንሽ ጠበቅ ይበል። ስራው ከአንድ ቀን በላይ ከሆነ ግማሹን በመጀመሪያው ቀን ማታ ጠይቁ። የመጀመሪያውን ቀን ያልከፈለ ሁለተኛውን ይከፍላል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው። አንድ ቀን ብትከስሪ ይሻላል ሁለት ቀን ከምትከስሪ። ስሙን ሙሉውን ጠይቂው፣ ስልኩን መዝግቢ፣ የመኪናውን ታርጋም ብታዪው አይጎዳም። ማጽጃና ዕቃ ማን እንደሚያመጣ፣ መጓጓዣ ማን እንደሚከፍል አስቀድመሽ ተናገሪ።

ካፊል ቤት ያላችሁ እህቶች፣ እናንተ ስልክ እንኳ የማይፈቀድላችሁ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ደሞዝሽን የተቀበልሽበትን ቀንና ልክ በትንሽ ወረቀት ጻፊና በልብስሽ መሃል አስቀምጪ። ወደ አገር ቤት ስትደውዪ ለእናትሽ ወይም ለእህትሽ "ዛሬ ይህን ያህል ተቀበልኩ፣ የስንት ወር ቀረኝ" ብለሽ ንገሪያት፣ እሷ እዚያ ትጻፈው። ሃዋላ የተላከበት ደረሰኝ ካለ ፎቶውን ላኪላት። እዚህ ያለው ወረቀት ቢጠፋ ደሴ ያለው ይቀመጣል።

እኛስ?

የመጨረሻው የከበደኝ ነው፣ ግን ካልተናገርነው ይህ ጽሁፍ ግማሽ ነው።

እኛም እኮ ኮንትራክተር ሆነናል። ስራ የበዛላት እህት ሌላዋን ትልካለች። ማዳም በሰዓት 5 ትከፍላለች፣ ሄዳ የምትሰራዋ 3 ይሰጣታል። ከመጣች ገና ወር ያልሞላት ልጅ "ስራ አገኘሁልሽ" ተብላ የመጀመሪያው ሳምንት ገንዘቧ ይወሰዳል። ልጅቷ ትፈራለች፣ ትለምዳለች፣ ነገ እሷም በሌላዋ ላይ ታደርገዋለች። ስለ ካፊል ግፍ እሁድ እሁድ እንናገራለን፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ በራሳችን ልጅ ላይ እንሰራዋለን።

ስራ ለሚያገኝ ሰው ድካም ምንም አይገባውም አልልም። ስልኩ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ሰውን ማሳመኑ አለ። ግን ልኩ አስቀድሞ ይነገር፣ ይጻፍ። "ማዳም የምትከፍለው ይህን ያህል ነው፣ ለኔ ይህን እወስዳለሁ፣ ላንቺ ይህ ይደርስሻል።" ልጅቷ ከተስማማች ስምምነት ነው። ከደበቅሽባት ስርቆት ነው። ሌላ ስም አይገኝለትም።

እኔም የራሴ ጥፋት አለብኝ። ጓደኞቼን "60 ይደርሰናል" ስላቸው ከሰውዬው ጋር ያስተዋወቅኋቸው አይደለም። ዋጋውን ሲናገር አልሰሙም፣ ሲከፍል አላዩም። እነሱ ያመኑት እኔን ነው። እኔ ለነሱ ልክ እንደዚያ ሰውዬ ነበርኩ፣ በቃል ብቻ የቆምኩ። ያቺ ጓደኛዬ ብትጠረጥረኝ ምን ይገርማል? ለረጅም ጊዜ ተቀይሜአት ነበር፣ ይህን ስጽፍ ነው ነገሩ የዞረልኝ። ይህንን ጽሁፍ ካነበብሽው ቡናው አሁንም አለ፣ ነይ።

ስለዚህ ባለፈው እሁድ የተስማማንበትን እዚህ አሰፍራለሁ። የማህበራችን አባል የሆነች ሁሉ ሌላዋን ይዛ ወደ ስራ ስትሄድ ዋጋውን ለሁሉም በአንድ መልእክት ትልካለች፣ ክፍያ ሲመጣም ሁሉም ባሉበት ይቆጠራል። ይህን የጣሰች ካለች ጉዳዩ በእሁድ ስብሰባ ይታያል። ሰውን ለማሳፈር ሳይሆን፣ ሌላ ሁለት ጓደኛሞች በ20 ዶላር እንዳይለያዩ ነው።

ይህ መንግስት እስኪለወጥ፣ ህግ እስኪሻሻል የሚጠብቅ ነገር አይደለም። የ1946ቱ አንቀጽ 7 እስኪነሳ እንታገላለን፣ ሰልፍም እንወጣለን። ነገ ጠዋት ግን ስራ አለን። ዛሬ ማታ አንዲት መልእክት ላኪ፣ አንዲት መስመር ጻፊ። ባልዲው ሳይሞላ፣ ውሃው ሳይፈስ፣ ዋጋው ይጻፍ።

ደብተሩን ለመውሰድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስም ሆነ ከሰላት በኋላ እንደተለመደው እንገናኝ። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ።

ቸር ወሬ ያሰማን።